የልዕለ ኃያላኑ ስህተትና ስህተት ለቃሚዎቹ

ለመሆኑ ሸረሪት ከነፍሳት ወገን ናት? አይደለችም። ነፍሳት ስድስት እግር አላቸው፤ ሸረሪት ግን ስምንት። ይህን ማንም የአንደኛ ደረጃ ተማሪ በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይማረዋል። ሆኖም በአሜሪካ የኮሚክ መጽሔቶች ታሪክ ውስጥ እጅግ ከታወቁት ገጾች አንዱ ይህን ስቶታል። በ1962 በወጣው «አሜዚንግ ፋንታሲ» ቁጥር 15 ላይ፣ ጨረር የነካት ሸረሪት ፒተር ፓርከር የተባለውን ተማሪ ነድፋ ስፓይደርማን ታደርገዋለች። በዚያው ሥዕል ላይ የሰፈረው የተራኪው ጽሑፍ ግን ሸረሪቷን በማያሻማ እንግሊዝኛ ከነፍሳት ጎራ ይመድባታል። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ደራሲው ስታን ሊ፣ ሠዓሊው ስቲቭ ዲትኮ ነበሩ። ዓለም ያወቀው የሸረሪት ሰው የተወለደው እንግዲህ የሸረሪት ምንነት በተሳተበት ገጽ ላይ ነው።

እነዚህን ጀግኖች በእኛ አገር ብዙዎቻችን የተዋወቅናቸው በፊልም ነው። የተወለዱት ግን በርካሽ ወረቀት ታትመው በየወሩ በሚወጡ ባለ ሥዕል መጽሔቶች ላይ ነው። ዋጋቸው በ1938 አሥር የአሜሪካ ሳንቲም፣ በ1962 አሥራ ሁለት ሳንቲም ነበር። የሚገዟቸው በአብዛኛው ልጆች ናቸው ተብሎ ይታመን ስለነበር፣ «ትናንት ያላችሁት ከዛሬው ጋር ይጣረሳል» ብሎ የሚሟገት አንባቢ ይመጣል ብሎ የጠበቀ አልነበረም።

አንባቢው ግን መጣ። እርሳሱን ይዞ መጣ።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በፈረንጅ ልጆች መጽሔት ላይ መሳለቅ አይደለም። ስህተት የሌለበት መጽሔት እስካሁን አላየሁም። እኔን የሚገርመኝ ስህተቶቹን ሲለቅሙ የኖሩት አንባቢዎች ነገር ነው። እንደ ቀልድ የጀመሩት የለቀማ ሥራ የት እንዳደረሳቸው ማየት ያስተምራል። ትንሹን ስህተት ሲያሳድዱ ትልቁን አግኝተውታልና።

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች

ሱፐርማን በ1938 «አክሽን ኮሚክስ» ቁጥር 1 ላይ ሲወጣ፣ ፈጣሪዎቹ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የክሊቭላንድ ከተማ ልጆች፣ ገና የሃያ ሦስት ዓመት ወጣቶች ነበሩ። የዚያን ጊዜው ሱፐርማን ዛሬ የምናውቀው አይደለም። አይበርም፤ ይዘላል። ክላርክ ኬንት ሆኖ የሚሠራበት ጋዜጣ «ዴይሊ ስታር» ይባላል፤ አለቃውም ጆርጅ ቴይለር ነው። በ1940 ጋዜጣው በድንገት «ዴይሊ ፕላኔት» ሆነ። ብዙም ሳይቆይ ወንበሩ ላይ ፔሪ ዋይት የሚባል ሌላ አለቃ ተቀምጦ ተገኘ። ቴይለር ተባሮ ይሁን ጡረታ ወጥቶ፣ በጊዜው ለአንባቢ ያስረዳ የለም። አዲሱ አለቃ የመጣው ከሬዲዮ ነው። በ1940 የተጀመረው የሱፐርማን የሬዲዮ ድራማ የፈጠረውን ሰው መጽሔቱ ወሰደው። ሱፐርማንን የሚያዳክመው «ክሪፕቶናይት» የተባለው ማዕድንም እንዲሁ በ1943 በሬዲዮ ተሰማ፤ መጽሔቱ ላይ የደረሰው ከስድስት ዓመት በኋላ በ1949 ነው። አሳዳጊ ወላጆቹ በ1942 በታተመው የጆርጅ ላውዘር ልብ ወለድ ኤበንና ሣራ ይባላሉ፤ ኋላ ጸንተው የቀሩት ስሞች ግን ጆናታንና ማርታ ናቸው።

ባትማንም ቢሆን ከዚህ አላመለጠም። ዛሬ ሽጉጥ የሚጠላና ነፍስ የማያጠፋ ጀግና ሆኖ የሚታወቀው ባትማን፣ በ1939 እና በ1940 በወጡት የመጀመሪያ ታሪኮቹ ሽጉጥ ይዞ ይታያል፤ ከአውሮፕላኑም መትረየስ ይተኩሳል።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን የመጀመሪያው ፍላሽ ነው። በ1940 በወጣው «ፍላሽ ኮሚክስ» ቁጥር 1 ላይ ጄይ ጋሪክ የተባለው ተማሪ በቤተ ሙከራ ውስጥ የ«ጠጣር ውሃ» ትነት ሲተነፍስ ያድራል፤ ከዚያም ከጥይት የሚፈጥን ሯጭ ይሆናል። ጠጣር ውሃ ማለት እኮ ካልሲየምና ማግኒዥየም የበዛበት፣ ሳሙና አልአረፋ የሚለው፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጭ ቅርፊት የሚተው ተራ ውሃ ነው! በዚህ ሒሳብ ሻይ የምታፈላ እናት ሁሉ መብረቅ ቀዳሚ በሆነች ነበር። ኋላ ላይ የመጡ ደራሲዎች ነገሩን አስተካክለው «ከባድ ውሃ» አሉት። ከባድ ውሃ ቢያንስ ከአቶም ምርምር ጋር የሚነሳ፣ ስሙ የሚያስፈራ ነገር ነው። ሰውን ሯጭ ባያደርግም አንባቢን ዝም ያሰኛል።

ይህ ሁሉ ለምን ሆነ ቢሉ ምክንያቱ አያስቸግርም። አንዱ ጀግና በመጽሔት፣ በጋዜጣ፣ በሬዲዮና በልብ ወለድ በተለያዩ ሰዎች እጅ ይጻፋል። ወሩ ሲደርስ ማተሚያ ቤቱ አይጠብቅም። ክፍያው በገጽ ስለሆነ የሚያዋጣው ቶሎ ጨርሶ ወደሚቀጥለው ማለፍ ነው። ከዚህ ሁሉ በላይ ደግሞ አሳታሚዎቹ አንድ እምነት ነበራቸው፤ ልጁ ጥቂት ዓመታት አንብቦ ያድጋል፣ ይተወናል፣ ሌላ ልጅ ይተካዋል የሚል። የሚረሳን አንባቢ ማን ይፈራዋል?

ባዶው ፖስታ

በ1960ዎቹ የማርቭል ኩባንያን መጽሔቶች የሚያዘጋጀው ስታን ሊ፣ በርካታ ታሪኮችን በአንድ ጊዜ ይጽፍ ነበር። አሠራሩም ለየት ያለ ነው። የታሪኩን መንገድ ለሠዓሊው በአጭሩ ይነግረዋል፤ ሠዓሊው ገጾቹን ስሎ ያመጣል፤ ሊ ደግሞ በተሳለው ላይ ንግግሩን ይጽፋል። ሥራን የሚያፈጥን ዘዴ ነው፤ ሥዕሉ ወዲህ ቃሉ ወዲያ የሚሄድበትም መንገድ ይኸው ነው። ስሞችም ይምታቱበት ነበር። በ1963 በወጣው የ«አሜዚንግ ስፓይደርማን» የመጀመሪያ እትም ላይ ፒተር ፓርከር «ፒተር ፓልመር» ተብሎ ይገኛል። ጀግናው በተወለደ በዓመቱ የአባቱ ስም ተለወጠበት ማለት ነው።

የሐልክ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። በ1962 ሲወጣ ግራጫ ነበር። ማተሚያ ቤቱ ግራጫውን እኩል አድርጎ ማውጣት አቃተው፤ አንዱ ሥዕል ላይ ጠቆር፣ ሌላው ላይ ነጣ፣ አልፎ አልፎም አረንጓዴ መሰል ሆነ። ስለዚህ በሁለተኛው እትም አረንጓዴ ሆኖ መጣ። ዓለም ሁሉ የሚያውቀው ያ አረንጓዴ ግዙፍ ሰው ቀለሙን ያገኘው ከማተሚያ ቤት ችግር ነው። በ1964 ደግሞ ሊ የባለታሪኩን ስም ረስቶ ብሩስ ባነርን «ቦብ ባነር» አለው። አንባቢዎች ደብዳቤ አዘነቡ። ሊም አላፈረም፤ ሙሉ ስሙ «ሮበርት ብሩስ ባነር» ነው ብሎ መለሰ። ቦብ የሮበርት ማቆላመጫ ስለሆነ ሁለቱም ስህተት መሆናቸው ቀረ። ዛሬ የሐልክ ሙሉ ስም ይኸው ነው።

እንዲህ ያለው የአንባቢና የአዘጋጅ ጨዋታ ነው «ኖ ፕራይዝ» የተባለውን ሽልማት ያመጣው። ትርጉሙ «ሽልማት የለም» እንደማለት ነው። ከ1964 ጀምሮ ሊ ለትጉሃን አንባቢዎች ይህን የሌለ ሽልማት በደብዳቤዎች ገጽ ላይ ሲያድል ቆየ። በ1967 ጭራሽ በፖስታ ይልከው ጀመር። ፖስታው ላይ «እንኳን ደስ ያለዎት፣ ሽልማትዎ በውስጡ ይገኛል» የሚል መልእክት አለ፤ ሲከፈት ግን ባዶ ነው። ቀልዱ ሳይገባቸው «ሽልማቴ ጠፍቷል» ብለው የጻፉም ነበሩ። በኋላ ደንቡ ጠበቅ አለ። ስህተቱን ማግኘት ብቻውን አላሸልም አለ፤ ስህተት የመሰለው ነገር ለምን ስህተት እንዳልሆነ አሳማኝ ምክንያት ማቅረብም ግድ ሆነ። ኩባንያው የፈጸመውን ስህተት አንባቢው እንዲጠግነው፣ ክፍያውም ባዶ ፖስታ እንዲሆን! ከዚህ የበለጠ ርካሽ ሠራተኛ የት ይገኛል? በ1983 ማርቭል የገዛ ስህተቶቹን ሰብስቦ አንድ ልዩ እትም አሳተመና ያንንም ሸጠው።

ይሁንና ሁሉም ስህተት ቀልድ አይደለም። በ1973 በወጣው «አሜዚንግ ስፓይደርማን» ቁጥር 121፣ አረንጓዴው ጎብሊን የተባለው ጠላት የፒተር ፓርከርን ፍቅረኛ ግዌን ስቴሲን ከድልድይ ላይ ይወረውራታል። ደራሲው ጌሪ ኮንዌይ፣ ሠዓሊው ጊል ኬን ናቸው። ጽሑፉ ድልድዩን የጆርጅ ዋሽንግተን ድልድይ ይለዋል። ሥዕሉ ላይ የሚታየው ግን የድንጋይ ግንብና ሹል ቅስት ያለው የብሩክሊን ድልድይ ነው። ኒውዮርክን የሚያውቅ ሁለቱን አያምታታም። የመጀመሪያው በ1931 በሀድሰን ወንዝ ላይ የተከፈተ፣ ማማዎቹ የብረት የሆኑ ድልድይ ነው፤ ሁለተኛው ከ1883 ጀምሮ በከተማው ሌላኛ ወገን የቆመ ነው።

አንባቢውን የቆረቆረው ግን ድልድዩ ብቻ አይደለም። ስፓይደርማን ድሩን ወርውሮ እግሯን ይይዛታል፤ ጎትቶ ሲያወጣት ሞታለች። ጎብሊን ከዚያ ከፍታ መውደቅ ብቻውን፣ መሬት ሳይነኩ እንኳ ይገድላል ይላል። ይህ ሐሰት ነው። ከዚህ እጅግ በሚበልጥ ፍጥነት የሚወርዱ ጃንጥላ ዘላዮች ጃንጥላቸው እስኪከፈት ድረስ ምንም አይሆኑም። በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የሆኑት ጄምስ ካካሊዮስ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉዳዩን አስልተውታል። 300 ጫማ ያህል የወደቀ ሰው በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ገደማ ይፈጥናል፤ ገዳዩ ውድቀቱ ሳይሆን በቅጽበት መገታቱ ነው። ሥዕሉን ልብ ብሎ ያየ አንባቢ ደግሞ በግዌን አንገት አጠገብ የተጻፈችውን ትንሽ የ«ቀጭ» ድምፅ ያገኛል። በዚያው ዓመት በቁጥር 125 የደብዳቤዎች ገጽ ላይ አዘጋጁ ሮይ ቶማስ ጥያቄውን ሲመልስ አመነ፤ የገደላት ድሩ ሲገታት የደረሰባት ንዝረት ነው አለ። ስለዚህ ልጅቷን የገደላት ሊያድናት የሞከረው ሰው ነው ማለት ነው። ይህን መራር እውነት ያወጣው አንባቢው ያነሳው ጥያቄ ነው።

ሁለት ምድር፣ አንዲት ልጅ

ማርቭል ስህተቱን በቀልድ ሲያልፍ፣ ተቀናቃኙ ዲሲ ኩባንያ ዓለምን ለሁለት ከፈለ።

በ1956 አዲስ ፍላሽ ተፈጠረ፤ ስሙ ባሪ አለን ነው። ባሪ የድሮውን የጄይ ጋሪክን መጽሔት እንደ ልብ ወለድ ሲያነብ ይታያል። በ1961 ግን ደራሲው ጋርድነር ፎክስና አዘጋጁ ጁሊየስ ሽዋርትዝ ሁለቱን ፍላሾች ማገናኘት ፈለጉ። የልብ ወለድ ሰው እንዴት በአካል ይገኛል? መልሱ ሌላ ምድር አለ የሚል ሆነ። ጄይ የሚኖረው በዚያኛው ነው፤ የእኛው ምድር ደራሲ የጻፈው እዚያ የሆነውን በሕልሙ እያየ ነው ተባለ። ከዚያ በኋላ የማይገጣጠም ነገር በተገኘ ቁጥር «ያ በሌላኛው ምድር የሆነ ነው» ማለት ተለመደ። ምድሮችም በዙ፤ ቁጥር ተሰጣቸው።

ምድር ማብዛቱም ያላዳናት አንዲት ልጅ ነበረች። ወንደር ገርል ትባላለች። በ«ወንደር ውመን» መጽሔት ወንደር ገርል ማለት ራሷ ወንደር ውመን በልጅነቷ ናት። በ1965 ቦብ ሄኒ የተባለው ደራሲ የታላላቆቹን ጀግኖች ወጣት ረዳቶች በአንድ ቡድን ሲሰበስብ እርሷንም ጨመራት። አንድን ሰው ከገዛ የልጅነት ፎቶግራፉ ጋር ለሠርግ እንደመጥራት ነው። ስለዚህ ልጅቷ ቡድኑ ውስጥ አራት ዓመት ያህል ስትዋጋ ከየት እንደመጣች የሚያውቅ አልነበረም፤ እናት የላት፣ አባት የላት፣ ስም እንኳ የላት። በ1969 ማርቭ ዎልፍማን የተባለ የ23 ዓመት ወጣት፣ ከአንባቢነት ወደ ደራሲነት የተሻገረ፣ ወግ ያለው ልደት ሰጣት። ከእሳት ቃጠሎ የተረፈች ሕፃን ናት አለ፤ ዶና ትሮይ ብሎም ስም አወጣላት። ከስህተት የተወለደችው ልጅ ከዚያ በኋላ በአንባቢ ዘንድ እጅግ ከሚወደዱት አንዷ ሆነች።

ነገሩ በዚህ አላበቃም። በ1981 አንድ አንባቢ፣ አንድ ባለታሪክ ቀደም ሲል አብሮ የሠራውን ግሪን ላንተርንን እንዴት ሳያውቀው ቀረ ብሎ ጻፈ። ደብዳቤው የደረሰው ዎልፍማን ዘንድ ነበር። አንድ ቀን ይህን ሁሉ ዝብርቅርቅ እናስተካክለዋለን ብሎ መለሰ። ቃሉንም ጠበቀ። በ1985 እና በ1986 ከሠዓሊው ጆርጅ ፔሬዝ ጋር በአሥራ ሁለት እትሞች «ክራይሲስ ኦን ኢንፊኒት ኧርዝስ» የተባለውን ታሪክ አወጡ። ምድሮቹ ሁሉ ጠፍተው አንድ ምድር ቀረ። ባሪ አለን ሞተ፤ ሱፐርገርል ሞተች። ያለፈው ሁሉ እንደገና ሊጻፍ ሆነ።

በ1987 ወንደር ውመን ከዜሮ ተጀመረች፤ ወደ ሰዎች ዓለም ገና መምጣቷ ነው ተባለ። እንግዲያ እርሷን ተከትላ የመጣችው ዶና ትሮይ ከእርሷ አስቀድማ እንዴት መጣች? ልጅቷ እንደገና ያለ እናት ቀረች። በ1969 ቤት የሠራላት ዎልፍማን፣ ስህተትን ለማጥፋት ብሎ በጀመረው ሥራ ቤቷን አፈረሰባት። በ1988 ሌላ ልደት ሊጽፍላት ተገደደ፤ ከእርሱ በኋላ የመጡትም ሌላ ጻፉላት። ከዚህ የምረዳው አንድ ነገር ነው። ያለፈን ታሪክ አጥፍቶ በአዲስ መጻፍ ስህተትን አያርምም፤ ቦታውን ያዛውረዋል እንጂ።

የስሙ መስመር

እስካሁን ያየናቸው ስህተቶች በሥዕሉና በታሪኩ ውስጥ ያሉ ናቸው። ከሁሉ የከፋው ስህተት ግን ማንም በማያተኩርበት ቦታ ነበር፤ ከርዕሱ ሥር፣ የፈጣሪው ስም በሚጻፍበት መስመር።

ባትማን በ1939 «ዲቴክቲቭ ኮሚክስ» ቁጥር 27 ላይ ከወጣ ጀምሮ ያ መስመር አንድ ስም ብቻ ይዞ ኖረ፤ ቦብ ኬን። ይሁንና ያንን የመጀመሪያ ታሪክ የጻፈው ቢል ፊንገር ነው። ኬን መጀመሪያ የሳለው ቀይ ልብስና ደረቅ ክንፍ ያለው ሰው ነበር። ልብሱን ግራጫ እናድርገው፣ በክንፉ ፋንታ ካባ ይሁን፣ ፊቱን የሌሊት ወፍ በሚመስል ጭምብል እንሸፍነው ያለው ፊንገር ነው። ብሩስ ዌይን የሚለው ስምም፣ ጎተም የሚለው የከተማ ስምም የእርሱ ነው። ነገር ግን ውሉን የተዋዋለው ኬን ስለነበር፣ ብቸኛ ፈጣሪ ተብሎ የመጠራት መብት የኬን ሆነ። ፊንገር በገጽ እየተከፈለው ከሃያ ዓመት በላይ ሲጽፍ፣ በፈጣሪነት ስሙ አንድም ጊዜ አልሰፈረም።

ይህን ያጋለጠው ፍርድ ቤት አይደለም፤ ጋዜጠኛም አይደለም። ስህተት ለቃሚዎቹ ናቸው። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ጁሊየስ ሽዋርትዝ የደብዳቤ ጸሐፊዎችን ሙሉ አድራሻ ማተም ጀምሮ ነበር። «ስድስተኛው ገጽ ላይ ተሳስታችኋል» እያሉ የሚጽፉ ሰዎች በዚህ እርስ በርስ ተፈላለጉ። በዲትሮይት የዌይን ስቴት ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ጄሪ ቤይልስ በ1961 «አልተር ኢጎ» የተባለ መጽሔት በማባዣ መኪና እያባዛ መላክ ጀመረ። ይህን ታሪክ ማን ጻፈው? ያንን ማን ሳለው? እያሉ የየእትሙን ባለቤት ይመዘግቡ ጀመር። በ1965 ፊንገር ኒውዮርክ ውስጥ በተደረገ የአንባቢዎች ጉባኤ ላይ ቀርቦ ተናገረ። ቤይልስ የሰማውን በዚያው ዓመት ጽፎ፣ ጥቂት አባላት ብቻ በሚያነቡት የተባዛ መጽሔት አወጣው። ኬን ተቆጣ፤ ለሌላ የአንባቢዎች መጽሔት በላከው ረጅም ደብዳቤ ባትማን የእኔ ብቻ ነው ሲል ካደ።

ፊንገር በ1974 በድህነት አረፈ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ኬን በ1989 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ ፊንገር የሚገባውን እንዳላገኘ አመነ፤ በሕይወት ሳለ ስሙን ባኖርኩለት ኖሮ ብሎም ተጸጸተ። ሲገልና ሹስተርም ሱፐርማንን በ130 ዶላር ከነሙሉ መብቱ ሸጠው፣ ኋላ ኩባንያውን በመክሰሳቸው ስማቸው ተፍቆ ነበር። በ1975 የሙያ ባልደረቦቻቸው ባስነሱት የአደባባይ ጩኸት የጡረታ አበልና የስማቸውን መመለስ አገኙ። ፊንገር ግን ሌላ አርባ ዓመት ጠበቀ። በ2015 ኩባንያው ስሙን ለማስፈር ተስማማ፤ በ2016 በወጣው ፊልም ላይም ታየ። የተጻፈው «በቦብ ኬን፣ ከቢል ፊንገር ጋር» ተብሎ ነው። «እና» አላሉም፤ «ጋር» አሉ። እርሳስ የያዙት አንባቢዎች ይህችንም ቃል አስምረውባታል።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚለውን ተረታችንን እወደዋለሁ። ንጋት በራሱ ጊዜ ይጠራል፤ የፊንገር ስም ግን በራሱ ጊዜ አልጠራም። ጄይ ጋሪክ የተነፈሰው ምን ዓይነት ውሃ እንደሆነ፣ ግዌን ከየትኛው ድልድይ እንደወደቀች የሚጠይቁ፣ ሥራ ፈት የተባሉ ሰዎች ሃምሳ ዓመት ሲጠይቁለት ኖረዋል።